የተኛ ሕግና የተጣመመ ዱላ

ጁን 3 ቀን 1993፣ ሞንትሪያል። የስታንሊ ካፕ፣ ማለትም የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ ዋንጫ፣ ፍጻሜ ሁለተኛው ጨዋታ ሊያልቅ 1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ቀርቷል። እንግዳው ሎስ አንጀለስ ኪንግስ 2 ለ 1 እየመራ ነው። የመጀመሪያውንም ጨዋታ ያሸነፈው እሱ ነው። ይቺን ሁለት ደቂቃ የማትሞላ ሰዓት ከተሻገረ፣ ሰው ሜዳ ላይ ሁለቴ አሸንፎ ወደ ቤቱ ይገባል።

በዚህ መሀል የሞንትሪያል ካናዲየንስ አሰልጣኝ ዣክ ደመር ዳኛውን አስጠራ። የተሻረበት ጎል የለም። የተመታበት ተጫዋችም የለም። የፈለገው የአንድ ተጫዋች ዱላ እንዲለካለት ነው። የማርቲ ማክሶርሊን ዱላ።

ዳኛው ኬሪ ፍሬዘር ዱላውን ወሰደ። መለኪያውን አስመጣ። ለካ። ዱላው ሕግ ከሚፈቅደው በላይ የተጣመመ ሆኖ ተገኘ። ማክሶርሊ የሁለት ደቂቃ ቅጣቱን ሊቀመጥ ሄደ፤ ኪንግስም በሰው ጎደለ። ደመር እዚያ ላይ አላቆመም። በረኛውን ፓትሪክ ሯን አስወጥቶ በቦታው አጥቂ ጨመረ። ስድስት ለአራት ሆኑ ማለት ነው። ከቅጣቱ 32 ሰከንድ በኋላ ተከላካዩ ኤሪክ ዴዣርዳን አገባ። 2 ለ 2። ጭማሪ ሰዓት ተጀመረ። እዚያ ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል። በ51ኛው ሰከንድ ያው ዴዣርዳን ደገመ። የሞንትሪያል የመጀመሪያ ጎልም የእሱ ነበረች። በስታንሊ ካፕ ፍጻሜ በአንድ ጨዋታ ሦስት ጎል ያገባ ተከላካይ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ሞንትሪያል ቀጣዮቹን ሦስት ጨዋታዎችም ወስዶ ዋንጫውን 4 ለ 1 አነሳ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት ስታንሊ ካፕን ያነሳ የካናዳ ቡድን የለም። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህንን ታሪክ ያስቀደምኩት ሆኪ ውስጥ ስለ ዳኝነት የሚነሳው ጭቅጭቅ ሁሉ እዚህ ውስጥ ስላለ ነው። ሕጉ ነበር። ማንም አልካደውም። ዱላው ሕገ ወጥ ነበር፤ ማክሶርሊም ቢሆን አልካደም። ታዲያ ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላም የሚጨቃጨቀው ምን ላይ ነው? ሰዓቱ ላይ። ሕጉ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ከርሞ፣ ለምን በዚያች ደቂቃ ነቃ?

ዱላው ምን ሆኖ ነው?

ገና ሲጫወት ላደገ ሰው የተጣመመ ዱላ ጥቅሙ አይነገረውም። ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት መርጦ የቆረጠ ልጅ ሩሯን ሲለጋ የት እንደምትደርስ ያውቃል። ሆኪም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ የሚለጋው ሩር ሳይሆን ፓክ የሚባል ጠፍጣፋ ጠንካራ ጎማ መሆኑ ነው። በረዶ ላይ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፈ ይሄዳል።

ድሮ የሆኪ ዱላ ጫፉ ቀጥ ያለ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቺካጎው ስታን ሚኪታ ልምምድ ላይ ዱላው ተሰነጠቀና ጎበጠ። ተናዶ በዚያው በጎበጠው መታ። ፓኩ ያልጠበቀው መንገድ ሄደ። ደገመ። ወደደው። የቡድን ጓደኛው ቦቢ ሀልም ተከተለው። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ዱላውን እያጎበጠ መጣ። የተጎነበሰ ዱላ ፓኩን ቶሎ ከፍ ያደርጋል። አየር ላይም ያወዛውዘዋል። በዚያ ዘመን ደግሞ በረኞች ፊታቸውን መሸፈን ገና መጀመራቸው ነበር። ገሚሱ ፊቱን ሳይሸፍን ነው የሚቆመው። አስቡት እስኪ።

ስለዚህ ሊጉ፣ ማለትም ኤንኤችኤል፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደብ አወጣ። ገደቡ እየጠበበ ሄዶ ግማሽ ኢንች ላይ ቆመ። 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አለካኩ ቀላል ነው። ከዱላው ተረከዝ እስከ ጫፉ ቀጥ ያለ መስመር እንዳለ አስቡ። የዱላው ሆድ ከዚያ መስመር ምን ያህል ርቋል? እሱ ነው የሚለካው። ከ13 ሚሊ ካለፈ ቅጣት ነበር።

ችግሩ ዳኛ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ዱላ እየሰበሰበ የማይለካ መሆኑ ነው። ሕጉ የሚሠራው ተቃራኒ ቡድን ሲጠይቅ ነበር። ጠይቆ ዱላው ትክክል ሆኖ ከተገኘ፣ ቅጣቱ ወደ ጠያቂው ይዞራል። ስለዚህ ማንም ዝም ብሎ አይጠይቅም። ሁሉም ደግሞ የራሱን ጉድ ያውቃል። እኔ ያንተን ካስለካሁ አንተም የእኔን ታስለካለህ። ያልተጻፈ የዝምታ ውል ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን የተጫወቱ ሰዎች ከልክ ያለፈ ዱላ የሚይዘው ማክሶርሊ ብቻ እንዳልነበረ ጡረታ ከወጡ በኋላ አልደበቁም።

ደመር ያንን ውል ነው ያፈረሰው። ያፈረሰውም ለራሱ አደገኛ በሆነ ሰዓት ነው። ዱላው ትክክል ሆኖ ቢገኝ ኖሮ፣ በአንድ ጎል እየተመራ በመጨረሻዋ ደቂቃ በሰው ጎሎ ይጫወት ነበር። እርግጠኛ ባይሆን እንደማያደርገው ግልጽ ነው። እርግጠኛ የሆነው እንዴት ነው? እዚህ ላይ ወሬው ለሁለት ይከፈላል። ሞንትሪያሎች በዓይናችን አይተን ነው ይላሉ፤ አምበሉ ጊ ካርቦኖ አይቶ እንደጠቆመም ይነገራል። በኪንግስ በኩል ግን ዱላዎቻችንን ከጨዋታው በፊት በድብቅ ለክተውብናል የሚል ክስ አለ። ደመር ይህንን ሁሌም እንዳስተባበለ ነው።

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ደመር አላጠፋም። ሌባው እያለ ጠቋሚው ሲሰደብ ደስ አይለኝም። ኪንግስም የተሸነፈው በአንዲት ዱላ ብቻ አይደለም። ሞንትሪያል በዚያ ዓመት የማጣሪያ ዙሮች ጭማሪ ሰዓት የገቡ አሥር ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፏል። ሁለቱ እዚያው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ናቸው። ግን ተቃዋሚዎቹን የሚያበሳጫቸው ነገር ይገባኛል። ጠያቂ ሲገኝ ብቻ የሚሠራ ሕግ ለሁሉም እኩል አይሠራም። ጠያቂው እጅ ላይ እንዳለ ካርታ ነው፤ ሲፈልግ ይጥለዋል።

ሊጉ ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? በ2006 ገደቡን ወደ 19 ሚሊ አላላው። በቃ። የተጣመመውን ከማቃናት ሕጉን ትንሽ ማጣመም ቀለለው። የዱላ ልኬት ዛሬም ሕጉ መጽሐፍ ላይ አለ። ሜዳ ላይ ግን የሚጠይቅ ብርቅ ነው።

ያው ዳኛ፣ ከሰባት ቀን በፊት

አሁን ሰባት ቀን ወደ ኋላ እንሂድ። ሜይ 27 ቀን 1993፣ ሎስ አንጀለስ። ኪንግስ ከቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ጋር ለፍጻሜ ለማለፍ ስድስተኛውን ጨዋታ እያደረገ ነው። አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ነው የሚያልፈው፤ ቶሮንቶ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 2 ይመራል። አንድ ጨዋታ ካሸነፈ ከ1967 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጻሜ ይገባል። እዚያ ደግሞ ሞንትሪያል ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው። ቶሮንቶ ከሞንትሪያል! ለካናዳ ሰው ከዚህ በላይ ሕልም የለም።

ጨዋታው 4 ለ 4 ሆኖ ጭማሪ ሰዓት ገባ። የኪንግሱ ዌይን ግሬትዝኪ ሲመታ ዱላው ከፍ ብሎ የቶሮንቶውን ዳግ ጊልሞርን አገጭ አገኘው። ደም ፈሰሰ። ስምንት ቦታ ነው የተሰፋው። ከፍ ባለ ዱላ ሰው ማድማት ደግሞ ግልጽ ቅጣት አለው። በዚያ ዘመን ሕግ ግሬትዝኪ ጨዋታውን ለቆ ሊወጣ ይገባ ነበር።

ዳኛው ማነው? ኬሪ ፍሬዘር። በዚያ ዘመን በረዶ ላይ ቅጣት የሚሰጥ ዋና ዳኛ አንድ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ሁለቱ መስመር ዳኞች ናቸው። ፍሬዘር አላየም። ሁለቱን መስመር ዳኞች ጠየቀ። እነሱም አላየንም አሉ። ያላየውን መቅጣት አልቻለምና ጨዋታው ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ግሬትዝኪ ራሱ የማሸነፊያዋን ጎል አገባ። ከሁለት ቀን በኋላ ቶሮንቶ ውስጥ ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ሦስት ጎል ጨመረና ኪንግስ ፍጻሜ ገባ።

የምኖረው ቶሮንቶ ነው። ዕድሜው ወደ ስልሳ የሚጠጋ አንድ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ጸጥ ያለ ሰው ነው። ሻይ ሰዓት ላይ ይቺን ነገር ካነሳህበት ግን ሻዩ ይቀዘቅዛል። የጊልሞርን አገጭ በራሱ አገጭ ላይ በጣቱ እያሳየ ነው የሚያወራህ። መጀመሪያ ሲነግረኝ ያለፈው ሳምንት ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ አስተውሉ። በሰባት ቀን ልዩነት ያው ዳኛ፣ ያው ኪንግስ። አንዱ ቀን ያልታየ ጥፋት ጠቀማቸው። በሌላው ቀን የታየ ጥፋት ጎዳቸው። ፍሬዘር የመጀመሪያው ላይ መሳሳቱን በኋላ አምኗል። ሁለተኛው ላይ ደግሞ አንድም ስህተት የለበትም። ግን ሎስ አንጀለስ ሂዱና ጠይቁ፤ ተበደልን የሚሏችሁ በሁለተኛው ነው።

ሊጉ ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ ዋና ዳኛ ጨመረ። በ1998 ተጀምሮ በ2000 በሁሉም ጨዋታ ላይ ሆነ። አራት ዓይን ከሁለት ይሻላል በሚል ነው። ካሜራውም እየበዛ መጣ። ከካሜራው ጋር ደግሞ ሌላ ዓይነት ጣጣ መጣ።

የእግር ጣት ጉዳይ

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተል ሰው ቫር፣ የቪዲዮ ዳኝነቱ፣ ምን እንዳመጣ ያውቃል። ብብት ኦፍሳይድ ሆኖ ጎል ሲሻር አይተናል። ሆኪ ይሄን ከእግር ኳስ ቀድሞ ቀምሶታል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤንኤችኤል አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። ከበረኛው ፊት ለፊት ቀለም የተቀባ ክልል አለ። አጥቂ ከፓኩ ቀድሞ እግሩን እዚያ ካስገባ ጎሉ ይሻራል። በረኛውን ባይነካውም፣ ባይከልለውም። የጫማ ጫፍ ይበቃል። በ1998–99 የውድድር ዓመት ጎሎች በዚህ ምክንያት ሲሻሩ ከረሙ። ሰው ጎል ሲያይ ከመጮሁ በፊት ወደ ላይ አንጋጦ ውሳኔ መጠበቅ ለመደ።

ከዚያ ጁን 19 ቀን 1999 መጣ። ቡፋሎ ሴበርስ ከዳላስ ስታርስ፣ የፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ፣ ቡፋሎ ውስጥ። 1 ለ 1 ሆኖ ሦስተኛው ጭማሪ ሰዓት ውስጥ ገብቷል። እኩለ ሌሊት ካለፈ ቆይቷል። የዳላሱ ብሬት ሀል በረኛው ዶሚኒክ ሀሼክ የመለሰበትን ፓክ አግኝቶ አስገባ። ያቺ ጎል ዋንጫ ሰጠች። ዳላሶች በረዶው ላይ ተደራርበው ጨፈሩ። ፎቶ አንሺው ገባ፣ ምንጣፉ ተነጠፈ።

ከዚያ ነው ድጋሚው ምስል የታየው። የሀል ግራ እግር ክልሉ ውስጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጎል ያሻረው ጥፋት ያው እዚያ ተቀምጧል።

ሊጉ መልስ ነበረው። ሀል ፓኩን መጀመሪያ በእግሩ ነክቶ ስለተቆጣጠረው እግሩ ክልሉ ውስጥ መግባቱ ጥፋት አይሆንም አለ። ይህን የሚያብራራ ማስታወሻ ለቡድኖች ተልኮ እንደነበርም ተናገረ። ምናልባት እንደ ሕግ ክርክር ያስኬዳል። ቡፋሎ ውስጥ ግን ማንም አልገዛውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በጥር ወር ተራ ጨዋታ ላይ የሚነቃ ሕግ በሰኔ ዋንጫ ላይ ተኛ። ያ ሕግ በቀጣዩ ዓመት መሰረዙ ደግሞ ቁስሉ ላይ ጨው ነው የነሰነሰው።

የ2019 ጸደይ

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ አንድ ቡድን በአንድ ጸደይ ይህን ሁሉ ታሪክ ጠቅልሎ ደገመው። ሳን ሆዜ ሻርክስ ይባላል።

ኤፕሪል 23። ሰባተኛው ጨዋታ ከቬጋስ ጎልደን ናይትስ ጋር። ቬጋስ 3 ለ 0 ይመራል፤ 11 ደቂቃ የማትሞላ ሰዓት ቀርታለች። ፓኩ ተጥሎ ሲሻሙ የቬጋሱ ኮዲ ኢኪን የሳን ሆዜውን አምበል ጆ ፓቬልስኪን በዱላው ደረቱ ላይ ገፋው። በየጨዋታው ስንቴ የሚታይ ነገር ነው። ፓቬልስኪ ግን ሚዛኑን ሳተ። ከሌላ ተጫዋች ጋር ተላተመ። ጭንቅላቱ በረዶው ላይ አረፈና ደም ወጣ። መጀመሪያ እጁን ያነሳ ዳኛ አልነበረም። ደሙን ካዩ በኋላ ተሰብስበው ተመካከሩ። ከዚያ ከባዱን ቅጣት፣ አምስት ደቂቃውን ሰጡ። ይሄኛው ቅጣት ጎል ቢገባም አይቋረጥም። ሳን ሆዜ በአራት ደቂቃ ገደማ አራት ጎል አገባ። አራት! ቬጋስ በመጨረሻዋ ደቂቃ ቢያቻችልም በጭማሪ ሰዓት 5 ለ 4 ተሸነፈ።

ሊጉ ቬጋስን ይቅርታ ጠየቀ። ሁለቱ ዳኞች ቀጣዩን ዙር እንዲዳኙ አልተመረጡም። የተቀጣው ግፊያው ሳይሆን ደሙ ነው ማለት ነው። ዳኞቹን ግን ሙሉ በሙሉ መውቀስ ይከብደኛል። አንድ ሰው ደም ሲፈስሰው አይተህ፣ እንዴት እንደወደቀ ሳታይ፣ አሥራ ስምንት ሺህ ሰው እየጮኸብህ ምን ትላለህ?

ሜይ 8። ሌላ ሰባተኛ ጨዋታ፣ ከኮሎራዶ አቫላንች ጋር። ኮሎራዶ 2 ለ 2 የምታደርግ ጎል አገባ። የሳን ሆዜ አሰልጣኝ ኦፍሳይድ ነው ብሎ ቪዲዮ እንዲታይ ጠየቀ። ሆኪ ውስጥ አጥቂ ከፓኩ ቀድሞ የተቃራኒውን ሰማያዊ መስመር ካለፈ ኦፍሳይድ ነው። ምስሉ ታየ። የኮሎራዶው አምበል ጋብሪኤል ላንደስኮግ ሊቀየር ተጠባባቂ ወንበሩ በር ላይ ቆሟል። ከጨዋታው ምንም ግንኙነት የለውም። እግሩ ግን ከሰማያዊው መስመር ወዲያ ነበር። ጎሉ ተሻረ። ሳን ሆዜ 3 ለ 2 አለፈ።

እዚህ ላይ ፈገግ የሚያሰኘው፣ ይህ ጥያቄ የማቅረብ መብት የመጣው በኮሎራዶ ተጫዋች ምክንያት መሆኑ ነው። በ2013 ማት ዱሼን የሚባል የኮሎራዶ አጥቂ ሜትሮች በሚቆጠር ኦፍሳይድ ገብቶ ናሽቪል ላይ አስቆጠረ። ሊጉ አፈረ። ከሁለት ዓመት በኋላ አሰልጣኞች ኦፍሳይድን እንዲሞግቱ ተፈቀደ። ሜትሮችን ለመያዝ የተዘረጋው መረብ ሚሊ ሜትሮችን ሲይዝ ኖረ።

ሜይ 15። ከሴንት ሉዊስ ብሉዝ ጋር፣ ሦስተኛው ጨዋታ፣ ጭማሪ ሰዓት። የሳን ሆዜው ቲሞ ማየር ፓኩን በእጁ መትቶ ለጓደኛው አሳለፈ። ኤሪክ ካርልሰን አገባ። በእጅ ማቀበል ክልክል ነው። ስታዲየሙ ውስጥ አራቱም ዳኞች አላዩም። ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ሁሉ አይቷል። ግን በዚያ ዓመት ሕግ በእጅ ማቀበል በቪዲዮ የሚታይ ጉዳይ አልነበረም። ጎሉ ጸደቀ።

ሴንት ሉዊስ አላለቀሰም። ቀጣዮቹን ሦስቱንም አሸንፎ ፍጻሜ ገባ። እዚያ ደግሞ ተራው የቦስተን ሆነ። አምስተኛው ጨዋታ ላይ የሴንት ሉዊሱ ታይለር ቦዛክ የቦስተኑን ኖኤል አቻሪን ጠልፎ ጣለው። ፊሽካ የለም። በሰከንዶች ውስጥ ዴቪድ ፔሮን አገባ። ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። ሴንት ሉዊስ በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ።

ሊጉ በዚያው ክረምት ሕጎቹን ቀየረ። አምስት ደቂቃ ቅጣት የሰጠ ዳኛ ራሱ ምስሉን አይቶ ማሻሻል እንዲችል ተደረገ። ጎል ያስከተለ በእጅ ማቀበልም ይታያል ተባለ። አላግባብ የሞገተ አሰልጣኝ ቡድኑ እንዲቀጣም ተደረገ። ቆየት ብሎ የኦፍሳይዱም መስመር ላላ፤ እግር በረዶውን ባይነካም ከመስመሩ በላይ አየር ላይ ካለ ይበቃል ተባለ።

ግን የቦዛክ ጥፋትስ? እሱ አልተነካም። ዳኛ ያልነፋበትን ቅጣት በቪዲዮ ማስነሳት ዛሬም አይቻልም። ይህ ማለት የግሬትዝኪ ዱላ የጊልሞርን አገጭ ዛሬ ማታ ቢመታው፣ በዚያ ሁሉ ካሜራ መሀል፣ ዳኞቹ ካላዩ ያው ያልፋል። ባልደረባዬ ይህን ስነግረው አላመነኝም።

ሊጉ ይህን በር የዘጋው ሳያስበው አይደለም። በሩ ከተከፈተ በእያንዳንዱ ጎል ፊት አንድ ያልተነፋ ጥፋት ይገኛል። ሆኪ ውስጥ ሕጉ መጽሐፍ እንደሚለው ቢነፋ ጨዋታው አይንቀሳቀስም። ዳኛ ይመርጣል። መምረጡን ሁሉም ያውቃል። ጮክ ብሎ መናገር ነው ነውሩ።

በ2021 ማርች ላይ አንድ ዳኛ ይህንኑ ነውር ሠራ። ናሽቪል ከዲትሮይት ሲጫወቱ ቲም ፒል ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን ሳያውቅ፣ ጥፋቱ ያን ያህል እንዳልሆነ፣ ግን ናሽቪል ላይ ቀደም ብሎ ቅጣት መስጠት እንደፈለገ ሲናገር በቴሌቪዥን ተሰማ። በማግስቱ ሊጉ ከእንግዲህ አይዳኝም አለ። ጡረታ ሊወጣ ሳምንታት ነበር የቀሩት። የሊጉን ክብር መጠበቅ አለብን ተባለ። እኔ ግን የተቀጣው ስላደረገው ነው ወይስ ስለተሰማ የሚለውን እስካሁን አልወሰንኩም። ማመጣጠን የሚባለውን ነገር፣ ለዚህኛው አንድ ከሰጠሁ ለዚያኛውም አንድ ማለትን፣ የትኛው ተመልካች ነው የማያውቀው?

አንገት

እስካሁን ያወራነው ስለ ጎልና ስለ ዋንጫ ነው። የሚቀጥለው ስለ ነፍስ ነው።

ኦክቶበር 28 ቀን 2023፣ ሼፊልድ፣ እንግሊዝ። የኖቲንግሃም ፓንተርሱ አዳም ጆንሰን በጨዋታ መሀል ከተቃራኒ ተጫዋች ጋር ሲጋጭ የሰውየው ጫማ ስለት አንገቱን ቆረጠው። የሆኪ ጫማ ታች ያለው ብረት የተሳለ ነው። ጆንሰን 29 ዓመቱ ነበር። አሜሪካዊ ነው፤ ኤንኤችኤል ውስጥም 13 ጨዋታ ተጫውቷል። በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ፊት ነው የሆነው። አልተረፈም። ፖሊስ ሌላኛውን ተጫዋች ይዞ መረመረ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ዐቃቤ ሕግ ክስ እንደማይመሠረት አስታወቀ።

አንገት ሲቆረጥ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1989 የቡፋሎው በረኛ ክሊንት ማላርቹክ ሜዳ ላይ የአንገቱ ደም ሥር ተቆርጦ፣ ቬትናም ዘምቶ የነበረው የቡድኑ ወጌሻ በእጁ አፍኖ ይዞ አተረፈው። በ2008 ሪቻርድ ዜድኒክን የቡድን ጓደኛው ስለት እዚያው ቡፋሎ ውስጥ አገኘው። እሱም ተረፈ። ሁለቴ ተአምር ሲሆን ሊጉ ሕግ አላወጣም።

የአንገት መከላከያው እንደ ሻርፕ ያለ፣ በማይቆረጥ ክር የተሠራ ጨርቅ ነው። ከጆንሰን ሞት በኋላ ዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን በራሱ ውድድሮች ላይ ለአዋቂዎችም ግዴታ አደረገው። ከዚያ በፊት ለወጣቶች ብቻ ነበር። ኤንኤችኤል ግን በአንድ ሌሊት እንዲህ ብሎ መወሰን አይችልም። ተጫዋቾቹ ማኅበር አላቸው። መሣሪያና ልብስ በድርድር ነው። የማኅበሩ አቋም ደግሞ ከዱሮ ጀምሮ አንድ ነው፤ ገላው የተጫዋቹ ነው፣ ምርጫውም የእሱ ይሁን። ተጫዋቾች ራሳቸው የሚሉት ሌላ ነገር ነው። ይሞቃል። ያሳክካል። አልለመድኩትም።

ድርድሩ በ2025 አለቀ። ከ2026–27 የውድድር ዓመት ጀምሮ የአንገት መከላከያ ግዴታ ነው። ግን ኤንኤችኤል ውስጥ አንድም ጨዋታ ላላደረገ አዲስ ገቢ ብቻ። ነባሩ እንደፈለገ ነው።

ይህ የሊጉ የቆየ ብልሃት ነው። የዓይን መከላከያውም በ2013 ግዴታ ሲሆን ከ26 ጨዋታ በታች ላደረጉት ብቻ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላም በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ፊታቸውን ሳይከልሉ ሲጫወቱ ታይተዋል። የመጀመሪያው ደግሞ ሄልሜት ነው። በጃንዋሪ 1968 የሚኒሶታው ቢል ማስተርተን ወድቆ ጭንቅላቱ በረዶው ላይ አረፈ። ሄልሜት አላደረገም። ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። ኤንኤችኤል ጨዋታ ላይ በደረሰበት ጉዳት የሞተ ተጫዋች እሱ ብቻ ነው። ሄልሜት ግዴታ የሆነው በ1979 ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ። ያውም ለአዲሶች። ነባሮቹ ፈርመው መቅረት ይችሉ ነበር።

የፈረሙት አንድ በአንድ ጡረታ ወጡ። የመጨረሻው ክሬግ ማክታቪሽ ነው። ሄልሜት ግዴታ ከሆነ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፣ እስከ 1997 ድረስ፣ ሴንት ሉዊስ ውስጥ ፀጉሩን ንፋስ እየመታው ተጫወተ። ዙሪያውን ያሉት ሁሉ ሄልሜት አድርገዋል። ቴሌቪዥን ላይ ከሩቅ የሚለየው እሱ ብቻ ነበር።

አንገቱን ሳይሸፍን የሚጫወተው የመጨረሻው ሰው ምናልባት ዛሬ ሃያ ዓመት እንኳን አልሞላውም። አንድ ጨዋታ ስለቀደመ ብቻ ሕጉ አይነካውም። በ2040ዎቹ ሳናየው አንቀርም። ልጆቻችን ያ ሰውዬ ለምንድን ነው አንገቱ ባዶ የሆነው ብለው ይጠይቁን ይሆናል።